የዘይቱ ሊትርና የሳሙናው ኪሎ

ዘይት የምንገዛው በሊትር ነው። ኮስቲክ ሶዳ ግን የሚያውቀው የዘይቱን ክብደት ብቻ ነው፤ ጀሪካኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግድ አይሰጠውም። ስለዚህ ሳሙና ሠሪ እሳት ከመለኮሱ በፊት ሊትሩን በ0.92 ያባዛል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሱፍ ዘይት 18.4 ኪሎ ገደማ ነው። ዘይት ወፍራም ስለሆነ ከውሃ ይከብዳል የሚሉ ጀማሪዎች ያጋጥሙኛል፤ ወጥ ላይ ሲንሳፈፍ በየቀኑ እያዩት!

ለወጥማ ይህ ልዩነት ምንም አይደለም። ለሳሙና ግን ሒሳቡን እንየው። 1 ኪሎ የሱፍ ዘይት ሙሉ በሙሉ ሳሙና እንዲሆን 135 ግራም ገደማ ኮስቲክ ሶዳ ይፈልጋል። ቆዳ እንዳይለበልብ አምስት በመቶ ቀንሰን 128 ግራም እናደርገዋለን። አንዱ 1 ሊትሩን 1 ኪሎ ነው ብሎ ይህንኑ 128 ግራም ቢጨምር፣ በእጁ ያለው ዘይት 920 ግራም ብቻ ስለሆነ የሚቀበለው 124 ግራም ነው። ለጥንቃቄ የተተወው ሁሉ አልቆ አራት ግራም ሶዳ ሳሙናው ውስጥ ይቀራል። ሳሙናው ሲያዩት ያምራል፤ ሲታጠቡበት ያቃጥላል።

ኑግ፣ ሱፍ፣ ወይራ ሁሉም 0.92 አካባቢ ናቸው፤ በሦስተኛው አሃዝ መጨቃጨቅ ጊዜ ማባከን ይመስለኛል። የጉሎ ዘይት ግን 0.96 ስለሆነ ለብቻው ይሰላል። ከአሃዙ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሙቀት ነው። ዘይት ሲሞቅ ይሰፋል፤ በ20 ዲግሪ 920 ግራም የነበረው ሊትር 60 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 895 ግራም ይወርዳል። የሚረጋ ዘይት አቅልጦ በትኩሱ በጆግ የሚለካ ሰው ሳያውቀው ዘይት ያጎድላል። ረግቶ ሳለ በማንኪያ እየጠቀጠቁ መለካትማ ጭራሽ አይሆንም፤ በየመሃሉ አየር ይገባል።

ሌላው የማላምነው የፕላስቲክ ጆግ መስመር ነው። ደግነቱ መስመሩን ማመን አያስፈልግም። አንድ ጠርሙስ ባዶውን ይመዘናል፤ አንገቱ ላይ ምልክት ይደረግና እስከዚያ ድረስ ውሃ ተሞልቶ ይመዘናል። ከዚያ በደንብ ደርቆ፣ በዚያው ምልክት ልክ ዘይት ይሞላል። ውሃው ብቻውን 742 ግራም፣ ዘይቱ ብቻውን 683 ግራም ቢመጣ፣ 683 ለ742 ሲካፈል 0.92 ይሆናል። ሁለቱም የክፍሉን ሙቀት መያዝ አለባቸው፤ የጠርሙሱ ትክክለኛ ሊትር ስንት እንደሆነ ማወቅ ግን አያስፈልግም። አዲስ ዓይነት ዘይት በገባ ቁጥር ይህን አደርጋለሁ፤ ቡና እስኪፈላ ያልቃል።

ሚዛን ያለው ሰው ለምን ይህን ሁሉ ይደክማል ቢባል፣ ሥራው ላይስ እውነት ነው፤ ድስቱን ሚዛን ላይ አስቀምጦ፣ ሚዛኑን ዜሮ አድርጎ ዘይቱን ማፍሰስ ነው። ጆግ ውስጥ ተለጥፎ የሚቀር ዘይትም አይኖርም። ስሌቱ የሚያስፈልገው ግዢ ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ አቅጣጫው ይገለበጣል። 50 ኪሎ ዘይት የሚፈልግ ሰው 50ን ለ0.92 ያካፍላል፤ 54.3 ሊትር ይሆናል፤ ሦስት ጀሪካን ገዝቶ ከአምስት ሊትር በላይ ይተርፈዋል። በማካፈል ፈንታ አባዝቶ 46 ሊትር ያገኘ ሰው፣ የዘይት ሊትር ቁጥር ምንጊዜም ከኪሎው እንደሚበልጥ ካስታወሰ ሱቅ ሳይደርስ ወረቀቱ ላይ ያርመዋል።