ወላጅ የራቃቸው ልጆች፤ «ለበሰሉ አንባብያን» ስለተባሉ ጥቂት የጃፓን መጻሕፍት

ጃፓኖች «ማንጋ» የሚሉት ሥዕልና ንግግር ተባብረው ረዥም ታሪክ የሚተርኩበት የመጽሐፍ ዐይነት ነው። ስለ እርሱ በተማሪዎች መካከል ወሬ ሲነሣ «ይህማ የልጆች ጨዋታ አይደለም ወይ?» የሚል ሰው አይታጣም። ለዚህ አባባል በባዶ ክርክር መልስ ከመስጠት መጻሕፍቱን ገልጦ ማሳየት የተሻለ መስሎ ስለታየን ይህን አጭር ሐተታ አቀረብን። እግረ መንገዳችንንም በአንድ ቃል ላይ፥ ይኸውም «ብስለት» በሚለው ቃል ላይ፥ ያለንን ቅሬታ ለመግለጽ እንወዳለን።

መቀመጫው በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የሆነው ቪዝ የተባለው አሳታሚ ድርጅት የተመሠረተው በ1986 ነው (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ድርጅቱ ወደ እንግሊዝኛ እያስተረጐመ ከሚያወጣቸው አያሌ ማንጋዎች ውስጥ የተመረጡትን ለብቻ ለይቶ «ቪዝ ሲግኔቸር» በሚል ስያሜ ያሳትማል። ይህም መደብ ለአካለ መጠን ለደረሱና ለበሰሉ አንባብያን የታሰበ ነው። በውስጡ የሰይፈኛው የሙሳሺ ታሪክ የሆነው የኢኖዌ ታኬሂኮ «ቫጋቦንድ»፥ እንቅልፍ የሚነሣው የኢቶ ጁንጂ «ኡዙማኪ»፥ ወረርሽኝ ወንዶቹን ፈጅቶ ሴቶች የሚገዟትን ጃፓን የሚያሳየው የዮሺናጋ ፉሚ «ኦኦኩ» ይገኛሉ። በአገራቸው እነዚህ መጻሕፍት በአንድነት አይመደቡም። እዚያ የሚለዩት መጀመሪያ በታተሙበት መጽሔት ነው፤ «ኦኦኩ» ለሴቶች በሚዘጋጅ መጽሔት ሲወጣ፥ ሁለቱ ለጐልማሶች ወንዶች በተዘጋጁ መጽሔቶች ወጥተዋል። ሁሉንም ሰብስቦ አንድ ማኅተም የመታባቸው አሜሪካዊው አሳታሚ ነው።

እንዲህ ያለው ማኅተም በመጽሐፍ ላይ ሲታይ አንባቢው ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው የፈሰሰ ደምና የተራቈተ ገላ ነው። ደምና ገላ ግን ስለ ብስለት የሚያስረዱት ነገር ጥቂት ነው፤ ልጅም ቢሆን ደም አይቶ ያውቃል። እኛ በበኩላችን ሌላ መለኪያ እናቀርባለን፤ እርሱም ወላጅ የሌለው ወይም ወላጅ የራቀው ልጅ ነው። መለኪያውን ከውጭ አላመጣነውም፤ በመደቡ ውስጥ እጅግ ከተወደዱት መጻሕፍት በብዙዎቹ ይህን ልጅ ስለምናገኘው ነው። ደራሲው ልጁን ለምን ሥራ እንደሚያውለው የተመለከተ ሰው መጽሐፉ ምን ያህል እንደበሰለ ሊፈርድ ይችላል ብለን እናምናለን።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው የኡራሳዋ ናኦኪ «ሞንስተር» ነው፤ ስሙ «ጭራቅ» ማለት ነው። በጃፓን ከ1994 እስከ 2001 ታትሞ 18 ቅጽ ሆኗል። በ1986 በምዕራብ ጀርመን በዱሴልዶርፍ ከተማ የሚሠራ ቴንማ የተባለ ጃፓናዊ የአንጐል ቀዶ ጥገና ሐኪም ከንቲባውን እንዲያክም ሲታዘዝ ትእዛዙን ትቶ፥ ጭንቅላቱን በጥይት ተመትቶ ቀድሞ የመጣውን ልጅ ያድናል። ከንቲባው ይሞታል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ያ ልጅ፥ ዮሐን፥ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ሐኪሙ ፊት ይቆማል። ከዚህ የበለጠ አጀማመር ያለው ልብ ወለድ ብዙ አናውቅም። ፊትን በመሣልም ኡራሳዋን የሚስተካከሉት ጥቂቶች ናቸው፤ አንድ ገጽ ብቻ ታይቶ የሚጠፋ ሰው እንኳ የራሱ አፍንጫና የራሱ ድካም አለው። ይሁን እንጂ ታሪኩ የወጣበት መጽሔት በወር ሁለት ጊዜ የሚታተም ስለሆነ ምዕራፎቹ አንባቢው ለሚመጣው እትም እንዲጓጓ ሆነው ይቆረጣሉ። ተጠርዞ ባንድነት ሲነበብ ይህ ብልሃት እየተደጋገመ ይሰለቻል፤ እኛ ከዐሥረኛው ቅጽ በኋላ በር በተንኳኳ ቁጥር ማን እንደ መጣ ለማወቅ አልቸኰልንም።

ወደ ልጆቹ እንመለስ። ዮሐን በምሥራቅ በርሊን «ኪንደርሃይም 511» ከተባለ የልጆች ማሳደጊያ አልፏል። በታሪኩ ውስጥ ይህ ቤት ልጆች ስሜታቸው ተሟጥጦ እንዲወጣ ለሙከራ የሚያዙበት ነው። ቴንማም አንባቢውም ከአገር አገር የሚዞሩት ያ ቤት ምን እንደ ነበረና ከእርሱም በፊት ምን እንደተደረገ ለማወቅ ነው። እንግዲህ ማሳደጊያው በመጽሐፉ ውስጥ ያለው የወንጀሉን ምክንያት ለማስረዳት ነው፤ ልጅነትም ለኋላው ጥፋት እንደ ማስረጃ ሆኖ መዝገብ ውስጥ ይገባል። ደራሲው ክፋት ሊመረመር የማይቻል መሆኑን በብዙ ገጾች ካሳመነን በኋላ ራሱ መርምሮ መልሱን ይሰጠናል፤ የመጨረሻው ገጽ ብቻ ጥያቄውን እንደገና ክፍት ያደርገዋል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን፤ እርሱም ግሪመር ነው። ግሪመር በዚያው ማሳደጊያ ያደገ፥ ፈገግታን እንደ ቋንቋ አጥንቶ የተማረ፥ የገዛ ልጁ ሲሞት እንዴት እንደሚታዘን ጠፍቶት የቀረ ሰው ነው። ሐዘኑ የሚመጣለት ሊሞት ሲል ነው። ይህን ክፍል ያለ ጭንቅ ያነበበ ሰው ካለ እንጠራጠረዋለን። ነገር ግን ግሪመርን የምናየው ካደገ በኋላ ወደ ኋላ ዞረን ነው፤ በማሳደጊያው ግቢ ውስጥ ሳለ፥ ገና ምንም ሳይሆን፥ ምን እንደሚጫወትና ማንን እንደሚጠብቅ አላየነውም።

የዚሁ ደራሲ «ፕሉቶ» በ8 ቅጽ የተጠቃለለ ነው፤ በጃፓን ከ2003 እስከ 2009 ወጥቷል። መሠረቱ ቴዙካ ኦሳሙ ከ1964 እስከ 1965 ለልጆች የጻፈው የሮቦቱ የአቶም ታሪክ አንድ ክፍል ነው። ኡራሳዋ ያንን ወስዶ ስለ ጦርነትና ስለ ጥላቻ አድርጎታል፤ መርማሪዎች በፋርስ መንግሥት የተከለከሉ ሮቦቶች አሉ ተብለው ተልከው ምንም ሳያገኙ ሲመለሱና ጦርነቱ ግን ሲቀጥል፥ የ2003ቱን የኢራቅ ዘመቻ የማያስታውስ አንባቢ የለም። በዚህ መጽሐፍ ኤፕሲሎን የተባለው ሮቦት አልዘምትም ብሎ የጦርነት ሙት ልጆችን ያሳድጋል። ልጆቹ ደስ የሚሉ ናቸው፤ ሥራቸው ግን የኤፕሲሎንን ደግነት መመስከር ነው፤ እርሱ ሲሞት እንድናለቅስ አስቀድመው ተሰልፈው ይቆያሉ። ከዚህ ይልቅ በመጀመሪያው ቅጽ ያለው የዓይነ ስውሩ ሙዚቀኛ ታሪክ የተሻለ ነው። ሽማግሌው እናቴ ጥላኝ ሄደች ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ሲቈጣ ኖሯል፤ የጦር ሮቦት የነበረ አሽከሩ ነገሩን መርምሮ እናቲቱ እንዳልጣለችው ያስረዳዋል። ያማረ ታሪክ ነው። ዳሩ ግን የተተወ ልጅ ሁሉ እንዲህ ያለ መርማሪ ቢያገኝ ምን ነበረበት! እኛን የሚያሳስበን መርማሪ ያልመጣለት ልጅ ነው።

እርሱን ያገኘነው በማትሱሞቶ ታይዮ «ሰኒ» ነው። ማትሱሞቶ በ1967 የተወለደ ሲሆን ከልጅነቱ የተወሰነውን ጊዜ ያሳለፈው እንዲህ ባለ የልጆች ማሳደጊያ ውስጥ መሆኑን በይፋ ተናግሯል። ቀደም ሲል ከ1993 እስከ 1994 «ተኮንኪንክሪት» በተባለው ሥራው ሁለት የጐዳና ልጆችን ከጣራ ጣራ እየዘለሉ ወንበዴ የሚያሸንፉ አድርጎ ሥሏቸው ነበር። በዚያ ጊዜ ክንፍ የሰጣቸው፥ እኛ እንደምንገምተው፥ የሚተኙበትን ለማየት ገና ስላልደፈረ ነው። ወደዚያ የተመለሰው ከአርባ ዓመቱ በኋላ ነው። «ሰኒ» በ2010 «ኢኪ» በተባለው ወርኃዊ መጽሔት ተጀመረ፤ መጽሔቱ በ2014 ሲቋረጥ ወደ ሌላ ተዛውሮ በ2015 በ6 ቅጽ ተፈጸመ። እንግሊዝኛው ከ2013 እስከ 2016 የወጣ ሲሆን የተረጐመው በ2006 «ተኮንኪንክሪት»ን ፊልም ያደረገው ማይክል አሪያስ ነው።

ዘመኑ 1970ዎቹ ነው። «የከዋክብት ልጆች ቤት» በተባለ ማሳደጊያ ግቢ ውስጥ ሞተሩ የሞተ ቢጫ ኒሳን ሰኒ መኪና ቆሟል። ትልልቅ ሰዎች አይገቡበትም። ልጆቹ በመኪናው ውስጥ ሆነው ወደ ፈለጉት አገር ይነዳሉ። ከዮኮሐማ አዲስ የመጣው ባለ መነጽሩ ሴይ መሪውን ይዞ ወደ ዮኮሐማ ይነዳል፤ በቅርቡ ተመልሶ የሚሄድ ስለሚመስለው ከሌሎቹ ጋር ብዙም አይቀላቀልም። ጠጕሩ የነጣው ሃሩዎ የቤቱ ባለጌ ነው፤ ነገር ግን አንድ የኒቪያ ክሬም ቆርቆሮ ደብቆ ይይዛል፤ ከፍቶም ያሸታል፤ ሽታው የእናቱ ነው። ጁንሱኬና ታናሽ ወንድሙ ሆስፒታል ለተኛችው እናታቸው ባለ አራት ቅጠል ማገጥ ከሣር ውስጥ ይፈልጋሉ። ሜጉሙ የሞተ ድመት ታገኛለች፤ ወላጆቿም ሙታን ናቸው። በትምህርት ቤት «የቤት ልጅ» እና «የማሳደጊያ ልጅ» የሚል ልዩነት አለ፤ ልጆቹም ራሳቸው በዚህ ስም ይጠራሩበታል።

ነገሩ ይህ ብቻ ነው። ማንም ነፍሰ ገዳይ አይሆንም፤ ማንም ምሥጢር ፈልፍሎ አያወጣም። እናት ትመጣለች ወይም አትመጣም፤ ብትመጣም ማታ ትመለሳለች። የማትሱሞቶ መስመር በማስመሪያ የተሰመረ አይደለም፤ ይንቀጠቀጣል፤ ግድግዳውም የበሩም መቃን ትንሽ ዘመም ይላሉ። ልጁ የሚጎዳውን ቃል ሲሰማ ሠዓሊው ፊቱን አቅርቦ አያሳየንም፤ በሚቀጥለው ክፈፍ የምናየው ሰማዩን ወይም የተሰጣውን ልብስ ነው። ኡራሳዋ ቢሆን ኖሮ የዓይኑን ብሌን፥ የግንባሩን ላብ ባሳየን ነበር። ሁለቱም የሥዕል ጥበብ ነው፤ ልዩነቱ ማትሱሞቶ ለአንባቢው የሚተወው ሥራ መኖሩ ነው። የሃሩዎ ክሬም ለምን እንደሆነ ለማስረዳት አንድ ገጽ ሙሉ ንግግር አያስፈልግም፤ አንባቢው የራሱን እናት ሽታ ያመጣል። ብስለት የምንለው ይህን ለአንባቢው መተው ነው። (ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበብ ስለሆነ ጀማሪዎች ይጠንቀቁ፤ እኛም በመጀመሪያው ቀን ልጁን ከመምጣቱ በፊት ሸኝተነዋል።)

በዚህ ሚዛን ብንሄድ «ለበሰሉ» የሚለው ማኅተም ከሁሉ ይልቅ የሚገባው ደም የማይፈስበት፥ ባለ ታሪኮቹ አብዛኞቹ አጫጭር ሱሪ የለበሱ ልጆች ለሆኑበት መጽሐፍ ነው። ልጆቹ የምንም ነገር ማስረጃ አይደሉም። ሃሩዎ ወደ ፊት ሌባ ይሆን ወይም የተከበረ ሰው ይሆን መጽሐፉ አይጨነቅበትም፤ የሚጨነቀው ዛሬ እሑድ ስለሆነና ሰው ስላልመጣለት ነው።

«ሰኒ»ም ከጉድለት የነጻ አይደለም። ምዕራፎቹ አንዱን ቁስል ደጋግመው ስለሚነኩ በመካከለኞቹ ቅጾች አንባቢው የሚመጣውን አስቀድሞ ያውቃል። ከዚህ የሚከብደው ግን የወላጆቹ ነገር ነው። ለምን ልጆቻቸውን እንደተዉ እምብዛም አይነገርም። በ1973 የነዳጅ ዋጋ ንሮ የጃፓን ኑሮ ተናግቷል፤ ከገጠር ወደ ከተማ የፈለሰው ሕዝብም ብዙ ነበር፤ መጽሐፉ ስለዚህ ሁሉ ዝም ይላል። አንዳንድ ጓደኞቻችን ዝምታው ትክክል ነው ይላሉ፤ ልጅ የሚያውቀው እናቱ አለመምጣቷን እንጂ የነዳጅን ዋጋ አይደለም። ይህን መልስ በግማሽ እንቀበላለን። ትልልቅ ሰዎች ወደ መኪናው አለመግባታቸው ተገቢ ነው፤ ከመኪናው ውጭ ሆነው ግን አንድ ነገር ሊሉ ይገባቸው ነበር፤ የቤቱ ሠራተኞች ደግና የደከማቸው ሰዎች መሆናቸውን ከማየት በቀር ከእነርሱ የምንሰማው ጥቂት ነው። «ሞንስተር» በዚህ ረገድ፥ ምንም እንኳ መልሱ ባያረካን፥ ቢያንስ ትልልቆቹን ለፍርድ ጠርቷል።

ይህ ዝምታ የመጽሐፉ ድካም ነው ወይስ ኃይሉ የሚለውን ለጊዜው አልቈረጥንም። የማኅበራዊ ኑሮ ጥናት ተማሪ የሆነ ጓደኛ ስድስቱን ቅጾች አንብቦ በሚመጣው እትም ቢከራከረን ደስ ይለናል።