«ታገደ»፣ «ተራዘመ»፣ «ታደሰ»፦ ስለ ውል ቃላት የቀረበ ሂስ

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግና የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለአማርኛ ያስገኙለት የሙያ ቃላት ብዙ ናቸው። ዳሩ ግን ቃላቱ ከሕጉ መጽሐፍ ወደ ማመልከቻና ወደ ገበያ ሲወርዱ ወሰናቸው ይደበዝዛል። ከእነዚህም ሦስቱን እንመርምር።

በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ አንድ ነጋዴ ለሁለት ዓመት ሱቅ ተከራየ እንበል። ዘመኑ ሞላ፤ አከራዩ «ልቀቅ» አለው፤ ተከራዩም ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ክርክሩ እስኪወሰን ከሱቁ እንዳይወጣ ቢያዝለት፣ «ውሉ ታደሰለት» የሚል አይጠፋም። ስሕተቱ ከዚህ ይጀምራል።

ገበሬው «ከብት ማገድ» ሲል፣ ከብቱ ወደ ሰው አዝመራ እንዳይገባ መጠበቅ ማለቱ ነው፤ አጋጁ ማሳው የማን እንደሆነ አይወስንም። በሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 154 እና 155 የተመለከተው እግድም እንዲሁ ነው፤ ነገሩን ባለበት ያቆያል እንጂ አዲስ መብት አይፈጥርም።

የ«ታደሰ» ችግር ከግሱ ቅርጽ ይመጣል። «ተዋዋለ» ተደራራጊ ስለሆነ ሁለት ወገን ይጠይቃል፤ «ታደሰ» ግን ተገብሮ ነውና አዳሹን ይሰውራል። ያደሱት ተዋዋዮቹ ናቸው? ሕጉ ነው? ወይስ ዳኛው? ልዩነቱ የዋዛ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ ዘመኑ ካለቀ በኋላ አከራዩ እያወቀና ሳይቃወም ተከራዩ በነገሩ መገልገሉን ከቀጠለ፣ ኪራዩን ላልተወሰነ ጊዜ እንደታደሰ ይቆጥረዋል። በእግድ የቆየው ግን በአከራዩ ዝምታ ሳይሆን በዳኛ ትእዛዝ ነው የቆየው። ሁለቱን በአንድ «ታደሰ» የሚጠራ ተርጓሚ፣ ሳያውቀው ለአንዱ ተከራካሪ ፈርዶለታል።

ስለዚህ «ማራዘም» ዘመኑ ሳያልቅ በዚያው ውል ላይ ጊዜ ለመጨመር፣ «ማደስ» ካለቀ በኋላ ተዋዋዮቹ እንደገና ለሚስማሙበት፣ «እንደታደሰ መቆጠር» ሕጉ ከዝምታ ለሚወስደው ግምት፣ «እግድ» ደግሞ ለጊዜያዊው ትእዛዝ ብቻ ቢወሰኑ እንመርጣለን። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች እነዚህን ፍቺዎች በየራሳቸው ተራ ቁጥር ይለዩ፤ ተርጓሚዎችም «ታደሰ» ከማለታቸው በፊት «ማን አደሰው?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ካልተገኘ ቃሉ ቦታው አይደለም።