የፍሬዛ ሥልጠናና የብቃት ምዘና

በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ሠልጣኙ በቆየበት ጊዜ ሳይሆን በሚያሳየው ብቃት እንዲመዘን ማድረጉ የሚደገፍ ነው። ሙያውን ከትምህርት ቤት ውጭ ለቀሰመው ሰው የምዘናን በር መክፈቱም ፍትሐዊ ነበር። ይሁን እንጂ መርሁ በእጅ ወደሚነዳው ሚሊንግ ማሽን፣ በሠራተኛው አነጋገር ወደ ፍሬዛው፣ ሲወርድ አንድ ችግር ይገጥመዋል፤ ያለቀው ዕቃ እንዴት እንደተሠራ አይናገርም።

ጀማሪ ዐረብ ብረት ሲቆርጥ ጠረጴዛውን ከቆራጩ ዙር በተቃራኒ መንዳት ይኖርበታል። አቅጣጫው ከዙሩ ጋር የተስማማ እንደ ሆነ ቆራጩ ብረቱን ወደ ራሱ ይስባል፤ ባረጀ ማሽን ላይ ጠረጴዛው በብሎኑና በዳዶው መካከል ባለው ክፍተት ልክ በድንገት ይዘላል፤ የቆራጩም ጥርስ ሊሰበር ይችላል። ዕድል የቀናው ሠልጣኝ ግን በዚሁ አደገኛ መንገድ ልኩን የጠበቀ፣ እንዲያውም ገጹ የለሰለሰ ሥራ ያስረክባል። በካሊፐር ብቻ የሚፈርድ መዛኝ ሁለቱን አይለይም።

16 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የሃይ ስፒድ ስቲል ቆራጭ በደቂቃ 25 ሜትር እንዲቆርጥ ቢፈለግ በደቂቃ 500 ያህል ዙር ያስፈልገዋል። ስሌቱ ቀላል ነው። ከባዱ ድምፁ ሲለወጥ፣ ፍቅፋቂው በግለት ሲሰማይ ምን ማድረግ እንደሚገባ ማወቅ ነው፤ ይህም እጀታውን በመጨበጥ እንጂ ዳር ቆሞ በማየት አይገኝም። 70 በመቶው ለተግባር፣ 30 በመቶው ለንድፈ ሐሳብ የሚለው የታወቀ ድልድል፣ ብዙ ሠልጣኞች አንድ ማሽን በሚጋሩበት ወርክሾፕ በወረቀት ላይ ይቀራል።

የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ የተተከለበት አቃቂ ቃሊቲ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። የትምህርት ቤት መልመጃ ንድፍና ልክ ተሰጥቶት በአዲስ ብረት ይሠራል፤ ለመለዋወጫ የሚቀርበው ናሙና ግን ብዙ ጊዜ ንድፍ የሌለው፣ የተበላ ዕቃ ነው። በ30 ሚሊ ሜትር ዘንግ ላይ ያለው የቁልፍ ሰርጥ ተበልቶ ስፋቱ 8.4 ሚሊ ሜትር ቢገኝ፣ ያየውን ብቻ የሚለካ ጀማሪ ብልሽቱን በአዲሱ ዘንግ ላይ ይደግመዋል። ደረጃውን የሚያውቅ ግን ስፋቱ 8፣ ጥልቀቱም 4 ሚሊ ሜትር መሆን እንደሚገባው ይረዳል።

ከዚህ አንጻር ከመልመጃዎቹ ቢያንስ አንዱ በተበላ ዕቃ እንዲጀመርና ንድፉን ሠልጣኙ ራሱ እንዲያወጣ ማድረግ ይበጃል። መዛኙም ካሊፐሩን ከማንሣቱ በፊት ሠልጣኙ አቅጣጫውንና ዙሩን ለምን እንደመረጠ ሊጠይቀው ይገባል።