ስለ «አንኬን» ፊልምና ስለ ዘፈኖቹ

በህንድ ፊልም ላይ ዘወትር ከሚሰማው ወቀሳ አንዱ ዘፈን ይበዛበታል የሚለው ነው። ወቀሳው በስለላ ፊልም ላይ ሲሆን ደግሞ ይበረታል፤ ጠላት ከኋላ እየተከታተለ ቆሞ መዝፈን ምን ይሉታል? እኛም ይህን አሳብ ስንጋራ ኖረናል። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣውን የራማናንድ ሳጋርን «አንኬን» ደግመን ካየን ወዲህ ግን አሳባችንን ለመለወጥ ተገደናል።

ፊልሙ የተሠራው ህንድ በ1962 ከቻይና፣ በ1965 ከፓኪስታን ጋራ ከተዋጋች በኋላ ስለሆነ፣ የድንበርና የውስጥ ጠላት ጭንቀት ይታይበታል። ዳርሜንድራ የሚጫወተው ሱኒል ለአገሩ ሲል ለስለላ ወደ ቤይሩት ይሄዳል፤ በማላ ሲንሃ የተወከለችው ሚናክሺም ትወደዋለች። የቀረው ተንኮልና ድብድብ በጄምስ ቦንድ ፊልሞች የለመድነው ስለሆነ አናትትበትም።

የዜማው ደራሲ ራቪ፣ የግጥሙ ሳሂር ሉዲያንቪ ናቸው። ሁለቱ «ዋክት»ን በ1965፣ «ሃምራዝ»ን በ1967 አብረው ሠርተዋልና የለመዱ ጓደኛሞች ነበሩ፤ ራቪም ለቃሉ ስፍራ መልቀቅን ያውቅበታል። ይህ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው ላታ ማንጌሽካር በምትዘፍነው የቅሬታ ዘፈን ነው። ሱኒል ለሥራው ሲል ከባዕድ ሴት ጋራ ይሥቃል፤ ሚናክሺ ደግሞ ሕመሟን በዜማ ታሰማለች። ላላወቀው ሰው የቅናት እንጉርጉሮ ብቻ ነው፤ ለሱኒል ግን ክስ ነው። ሰላይ ሥራውን መሸሸግ ግዴታው ነውና በንግግር ሊመልስላት አይችልም። በሰምና ወርቅ ላደገ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ታዲያ ዘፈኑን ከፊልሙ ቢያወጡት፣ እውነት የተነገረበት ስፍራ አብሮ ይወጣል።

ማና ዴይና አሻ ቦስሌ የሚዘፍኑት የልመና ዘፈንም እንዲሁ ነው። በማለዳ ከደጅ ቆመው የሚያዜሙትን ላሊበላዎች የሰማ ሰው እንደሚያውቀው፣ ለሚለምን ሰው ዜማ ማንም በር አይዘጋም፤ ለተሸሸገ ሰው ከዚህ የተሻለ ልብስ ከየት ይገኛል?

ሁሉም ግን እንዲህ የተሳካ አይደለም። የመህሙድ ቀልድ ታሪኩን ያጓትተዋል፤ አንዳንዱም ዘፈን የውጭ አገርን ውበት ለማሳየት የገባ ይመስላል።

በመጨረሻ ያቆየነው ሙሐመድ ራፊ የሚዘፍነውን የድንበር ዘፈን ነው። «አንኬን» ማለት ዓይኖች ማለት ነው። ዓይን በኡርዱ ጋዛል ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የተወዳጇ መሣሪያ፣ የአፍቃሪውም ቍስል ነበረ። ሳሂር ይህንኑ ዓይን ወስዶ የአገር ዘብ አደረገው። «ፓርቻይያን» በተባለው ረጅም ግጥሙ ጦርነትን የኰነነ ባለቅኔ እንዴት ለድንበር ይገጥማል የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ቃሉን ስንመረምር ያገኘነው የሚጠብቅ ዓይን እንጂ የሚወር ዓይን አይደለም። ይህን ልዩነት ፊልሙ ራሱ በድብድቡ መካከል ሁልጊዜ አያስታውሰውም።