ሰብር ማለት አፍ መዝጋት ነውን?

 

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግኩት ስለ አንድ መጽሐፍ ነው። «ዋት ኢዝ ዘ ዋት» ይባላል። አሜሪካዊው ደራሲ ዴቭ ኤገርስ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተመው ሲሆን፣ ታሪኩ ግን የደቡብ ሱዳኑ ተወላጅ የቫለንቲኖ አቻክ ዴንግ ነው። ይህ ሰው በልጅነቱ መንደሩ ማሪያል ባይ ተቃጥሎበት፣ ከብዙ ሕፃናት ጋር በእግሩ ተጉዞ እኛ ዘንድ ደረሰ፤ ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ ባለው የፑኝዶ የስደተኞች ጣቢያም ኖረ። እንግዲህ መጽሐፉ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

አንድ ኢትዮጵያዊ ሙስሊም ይህን መጽሐፍ ሲያነብ ሁለት ጊዜ ይቆስላል። በመጀመሪያ፣ መንደሩን ያቃጠሉት ፈረሰኞች በስማቸው ወገኖቻችን የሆኑ ዐረቦች ናቸው። በሁለተኛ ደረጃ፣ በግንቦት 1983 ደርግ ወድቆ ስደተኞቹ ከፑኝዶ ሲባረሩ፣ ብዙዎች በጊሎ ወንዝ ካለቁበት ስፍራ አጠገብ፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት ልጆቹን እንደ እናት ጠርታ ሲቀርቧት ስትተኩስባቸው እናያለን። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እዚያ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት። «ይህ እኛን ለመስደብ የተጻፈ ነው» አልኩ። ሁለት ቀን ቆይቼ ስከፍተው ግን ፍርዴ የችኮላ እንደነበር ገባኝ። ለምን ቢሉ፣ በዚያው መጽሐፍ ውስጥ የልጁ አባት በሱቁ ዐረብ ነጋዴ ጋብዞ በወዳጅነት ሲያወጋው አለና ነው። የመጽሐፉ ስም የተገኘበት ተረትም፣ ማለትም ፈጣሪ ለመጀመሪያው ዲንቃ ከብትን ወይም ያልታወቀውን «ምን» እንዲመርጥ ያቀረበለት ወግ፣ የሚተረከው በዚያ ግብዣ ላይ ነው።

ጉድለቱንም አልደብቅም። መድረሳ ላደገ ሰው ሰነድ ትልቅ ነገር ነው፤ ማን ከማን ሰማ? ቫለንቲኖ ራሱ በመቅድሙ ታሪኩን በቃል እንደነገረውና ደራሲው ልቦለድ አድርጎ እንደጻፈው በግልጽ ያስታውቃል። ይህን መናገሩ አማና ነው። ሆኖም አንዳንድ ቦታ ትንሹ ልጅ እንደ ተማረ አዋቂ ሲያሰላስል የደራሲው ድምፅ መሆኑ ይታወቃል። የምድሩ ባለቤቶች አኙዋኮችም ከሩቅ ብቻ የሚታዩ ሆነዋል። በባሮ ዳር ለምንኖር ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

ነገር ግን መጽሐፉ ከሁሉ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ። ቫለንቲኖ አሜሪካ ደርሶ በአትላንታ ቤቱ ውስጥ ሌቦች ይገቡበታል፤ አስረውት አንድ ልጅ ጠባቂ አድርገው ይተዉበታል። እሱም ያለፈ ሕይወቱን ሁሉ ለዚያ ልጅ በልቡ ይተርካል። ኋላም ሐኪም ቤት ተቀምጦ ወረፋ ሲጠብቅ፣ ለእንግዳ ተቀባዩ እንዲሁ በልቡ ይነግረዋል። አንዳቸውም አይሰሙትም! ያን ሁሉ መከራ ተርኮ ሰሚ ያጣ ሰው ምን ያህል እንደሚቃጠል ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

ለመሆኑ እኛስ እንሰማለን? በሚያዝያ 2008 ድንበር ተሻግረው የመጡ ታጣቂዎች በጂካዎና በላሬ ወረዳዎች ከ200 በላይ ሰው ገድለው ከ100 በላይ ሕፃናት ወስደው ነበር። ከዚያ ወዲህም በክልላችን ያለቀሰ ቤት ብዙ ነው። እኛ ታዲያ የተጎዳ ልጅ ሲመጣ «ሰብር አድርግ» ብለን አፉን እንዘጋለን። ያዕቆብ (ዐ.ሰ) በዩሱፍ ኀዘን ዓይናቸው እስኪነጣ አልቅሰው ስሞታቸውን ለአላህ ሲያሰሙ ከታጋሾች ጎራ ወጡን? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት እንባቸው አልፈሰሰምን? ሶሐቢይቷ ባለቅኔ አል-ኸንሳእስ የምትታወቀው ለወንድሟ ለሶኽር በገጠመችው ሙሾ አይደለምን?

ይህን የምጽፈው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። አባቱን በግጭት ያጣ አንድ ደረሳ ነበረኝ። ቁርኣን እንዲጽፍበት በሰጠሁት ሎሕ ላይ ጀልባና በውስጧ ሁለት ሰዎች ሥሎ አገኘሁት። ተቆጥቼ በእጄ አጠብኩት። ነፍስ ያለውን ነገር ስለ መሣል ዑለማዎቻችን ያሉት የታወቀ ነው፤ እኔም አላቃልለውም። ይሁንና ዓኢሻ (ረ.ዐ) በልጅነታቸው በአሻንጉሊት ሲጫወቱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልከለከሏቸውም። ብዙ ዑለማዎችም ይህን ይዘው ለልጆች ጨዋታ ስፋት ሰጥተዋል። የኔ ጥፋት ሥዕሉን ማጠቤ ብቻ አልነበረም፤ ምን እንደሆነ ሳልጠይቀው ማጠቤ ነው።

መጽሐፉን ከጨረስኩ በኋላ ልጁን ጠርቼ ወደ ወንዙ ይዤው ወረድኩ። ሌሎች ልጆች በባሮ ጭቃ በሬ እየሠሩ ቀንድ ይቀጥሉለት ነበር። «ያቺ ጀልባ የማን ነበረች?» አልኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ጭቃ አነሣና ማድቦልቦል ጀመረ፤ ጀልባዋን በጭቃ ሠርቶ መዳፌ ላይ አስቀመጣትና «ኡስታዝ፣ አንደኛው አባቴ ነው፤ ከኋላ ያለችው እህቴ ናት» አለኝ። እህት እንደነበረችው ያን ቀን አወቅኩ።