ሦስቱ አባቶችና ስም የለሾቹ እናቶች፤ በእንግሊዝ ፈረሶች የትውልድ መዝገብ ላይ የቀረበ ሒስ

በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው፥ ጄምስ ዌዘርቢ በ1791 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግሊዝ አገር ያሳተመው አጠቃላይ የፈረሶች የትውልድ መዝገብ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። በብሪታንያና በአየርላንድ አንድ ፈረስ ንጹሕ ዘር ያለው የእሽቅድምድም ፈረስ ነው ወይም አይደለም የሚባለው በዚህ መጽሐፍ ምስክርነት ነው። ስለዚህ መጽሐፉ የፈረስ ወዳጆች ብቻ ሳይሆኑ የሰውን የዘር ቈጠራ ልማድ የሚያጠኑ ሁሉ ሊመረምሩት ይገባል።

መዝገቡ ያስገኘው ትረካ የታወቀ ነው። ዛሬ ያሉት ንጹሕ ዘር ፈረሶች ሁሉ በአባት በኩል ከሦስት የምሥራቅ ድንጉላዎች ይወለዳሉ ይባላል፤ እነርሱም የባየርሊ ቱርክ፥ ከአሌፖ ተገዝቶ በ1704 ዮርክሽር የገባው የዳርሊ ዐረብ፥ በ1753 የሞተውም የጎዶልፊን ዐረብ ናቸው። በአባት ሐረግ ብቻ ለሚቈጥር ሰው ይህ ሐሰት አይደለም። እንዲያውም በዘመናችን የተደረገ የዘር ምርመራ፥ ከወንዶቹ ከመቶ 95 ያህሉ ወደ ዳርሊ ዐረብ እንደሚደርሱ አሳይቷል።

ዳሩ ግን መጽሐፉን ገልጦ የሚያነብ ሌላ ነገር ያገኛል። መዝገቡ የተደራጀው በአባቶች ሳይሆን በእናቶች ነው፤ በእያንዳንዷ ባዝራ ሥር የወለደቻቸው ተዘርዝረዋል። ከጥንቶቹ ባዝራዎች ብዙዎቹ ግን የራሳቸው ስም የላቸውም፤ «የእገሌ እኅት»፥ «የእገሌ ልጅ» እየተባሉ በወንድ ዘመዳቸው ይጠራሉ።

ለምሳሌ የኤክሊፕስን ነገር እንመልከት። ይህ ፈረስ በ1764 ፀሐይ በጨለመችበት ቀን ተወልዶ ስሙን ከግርዶሹ አገኘ፤ በ1769ና በ1770 ዓ.ም. 18 ጊዜ ሮጦ አንድም ጊዜ አልተሸነፈም። ታሪኩን የሚያወሩ ሁሉ በአባቱ በማርስክ በኩል ከዳርሊ ዐረብ አራተኛ ትውልድ መሆኑን አይዘነጉም። እናቱ ስፒሌታ ግን የጎዶልፊን ዐረብ የልጅ ልጅ ነበረች። እንግዲህ ኤክሊፕስ የሁለቱም ዘር ሲሆን፥ ልማዱ ለአንዱ ብቻ ሰጠው።

መሥራች ባዝራዎቹስ ከወዴት መጡ? በእናት ብቻ የሚተላለፈውን ዘር የመረመረና በ2010 ዓ.ም. የወጣ ጥናት፥ ከእነዚህ መካከል የብሪታንያና የአየርላንድ አገር በቀል ባዝራዎች ከፍ ያለ ድርሻ እንዳላቸው አስረድቷል። ስለዚህ ስለ ምሥራቅ ደም የሚነገረው ትረካ የታሪኩ እኩሌታ ብቻ ነው፤ የቀረውን እኩሌታ የሰወረው የመረጃ እጦት ሳይሆን የአቈጣጠሩ ልማድ ነው።

መዝገብ ደግሞ ይፈርዳል እንጂ መዝግቦ ብቻ አይቀርም። በ1913 ዓ.ም. ትውልዱ በሙሉ ቀድሞ በመጽሐፉ ወደ ተጻፉት የማይደርስ ፈረስ እንዳይመዘገብ ተወሰነ፤ በሎርድ ጀርሲ ስም የሚጠራው ይህ ደንብ ብዙ የአሜሪካ ፈረሶችን ከውጭ አስቀረ። በማግሥቱ ዓመት፥ በ1914፥ የኤፕሰምን ደርቢ ያሸነፈው ዱርባር ግን በዚሁ ደንብ ንጹሕ ዘር ያልሆነ ነበር። በ1948 ደግሞ አሜሪካ የተወለደው ብላክ ታርኲን የሴንት ሌጀርን ውድድር አሸነፈ፤ በ1949 ደንቡ ተሻረ። ንጹሕ ያልተባሉት ንጹሓን የተባሉትን በሜዳ ላይ ከቀደሙ፥ የንጽሕናው መለኪያ ፍጥነት ሳይሆን ጽሕፈት እንደ ነበረ ግልጽ ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የስም አሰጣጡም ልዩነት የሚያስተምር ነው። ባየርሊ፥ ዳርሊ፥ ጎዶልፊን የሚሉት የባለቤቶቹ ስሞች ናቸው፤ ፈረሱ በጌታው ይጠራል። በእኛ አገር ልማድ ግን ጌታው በፈረሱ ይጠራል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ ተብለዋል። ይህ ልማድ ለእንስሳው ከፍ ያለ ክብር ይሰጣል። ቢሆንም የፈረስ ስም ጌታውን ለማወደስ የቆመ ነውና፥ ስለ ፈረሱ ትውልድ፥ ይልቁንም ስለ እናቱ፥ የሚነግረን ነገር የለም። ከዚህ አንጻር ሁለቱ ልማዶች እንደሚመስሉት የተራራቁ አይደሉም።

እንግዲህ የዌዘርቢ መጽሐፍ የሚነቀፍ ሳይሆን በራሱ ሥርዐት፥ ማለት በእናቶቹ በኩል፥ ሊነበብ የሚገባ ነው። የሰዎችን የትውልድ ሐረግ ከሽማግሌዎች አፍ የሚሰበስቡ ተማሪዎችም የተነገራቸውን ስም ሁሉ ከጻፉ በኋላ፥ ያልተጠሩት እነማን እንደ ሆኑ መጠየቅ ይገባቸዋል።