ዕውቀትና ሕግ፤ ስለ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» አንድ አስተያየት

የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው ደራሲው ካረፉ በኋላ፥ በ1916 ዓ.ም. ነው። ስለ ሀብት አመጣጥ በአማርኛ ከተጻፉት ቀደምት መጻሕፍት አንዱ እንደ መሆኑ መጠን ምስጋና አጥቶ አያውቅም፤ እኛ ግን ከምስጋናው ይልቅ ምርመራው እንዳነሰው ስለሚሰማን ይህን አጭር ሐተታ ለአንባቢያን እናቀርባለን።

የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ፥ ሀብት ከሥራ ይገኛል፤ የሥራን ፍሬ የሚያበዛው ደግሞ ዕውቀት ነው የሚል ነው። ዕውቀት ያለው ሕዝብ በጥቂት ቀን የሠራውን ዕቃ፥ ዕውቀት የጎደለው ሕዝብ ብዙ ቀን ከደከመበት ዕቃ ጋር ይለዋወጣል፤ በዚህም ተጎጂው ሁልጊዜ ሁለተኛው ነው። ደራሲው በድሬዳዋ የጉምሩክ ሹም ስለ ነበሩ፥ ቡናና ቆዳ ሲወጣ ጨርቅ ሲገባ ያዩ ሰው ናቸው። ሐሳባቸውም ከሥራቸው የተለየ አይደለም።

ጉድለቱ የሚታየን ከዚህ ቀጥሎ ነው። ደራሲው ቀረጥና አስተዳደር ሥርዓት እንዲይዝ አጥብቀው ይመክራሉ፤ ምክሩን የሚፈጽም ግን ብልህ መንግሥት ነው። መንግሥቱ ብልህ ሳይሆን ቢቀርስ በምን ይታረማል? እንደ እኛ አነባበብ መጽሐፉ ለዚህ በቂ መልስ አይሰጥም።

ደራሲው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ድርሰታቸው በአርአያነት የጠቀሷትን ጃፓንን እንመልከት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1872 የትምህርት ሕግ ወጣ፤ በ1873 ደግሞ የመሬት ግብር ሕግ ተከተለ። ግብሩ በመሬቱ ዋጋ ላይ 3 በመቶ ሆኖ በገንዘብ እንዲከፈል ተወሰነ። ምርቱ ቢጨምር ግብሩ ስለማይጨምር፥ ገበሬው የተሻለ ዘርና ማዳበሪያ ቢሞክር ትርፉ ለራሱ ሆነ። በ1876 ገበሬዎች «ከበደን» ብለው በተነሡ ጊዜም መንግሥት በ1877 ግብሩን ወደ 2.5 በመቶ ዝቅ አደረገ። እርግጥ ነው፥ ግብሩን መክፈል አቅቷቸው መሬታቸውን ያጡም ብዙ ነበሩ። ቢሆንም ትምህርቱ ሥራ ላይ የዋለው፥ የሚወሰደው ግብር አስቀድሞ ስለ ታወቀና የከፋዩም ድምፅ ስለ ተሰማ ጭምር ነው።

በአገራችን አሥራት ከእህሉ ይወሰድ በነበረበት ዘመን ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ብዙ ያመረተ ብዙ ይከፍላል፤ የእህሉንም ልክ የሚገምተው ሌላ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ገበሬ አዲስ ማረሻ ብናስተምረው ለማን ብሎ ያርስበታል?

ስለዚህ የነጋድራስን ቃል አንሽረውም፤ እናሟላዋለን እንጂ። ዛሬም ትምህርት ቤትና መሣሪያ ከበዛ እድገት በራሱ ይመጣል የሚል ሁሉ መጽሐፉን ያንብብ፤ ከዚያም፥ የተማረው ሰው የድካሙን ፍሬ የሚያስጠብቅለት፥ ሹሙንም የሚያስር ሕግ የት አለ ብሎ ይጠይቅ።